የድሮ ፊልም ልታዩ ነው? መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ማን እንዳለ ቁጠሩ

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ማግስት ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ተሰብስቦ ነበር። የተረፈው ዶሮ ተበልቷል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። "የዛሬውን ፊልም የምመርጠው እኔ ነኝ" ብዬ ደረቴን ነፋሁና "ሰቨን ሳሙራይ"ን ከፈትኩ። የጃፓን ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ፣ 207 ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወንድሜ ስልኩን አወጣ። አክስቴ ሶፋው ላይ አሸለበች። እናቴ ጨዋ ሰው ናት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታገሠችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ "ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የሚዋጉት ዛሬ ነው ነገ?" አለችኝ።

ፊልሙ ምንም አላጠፋም። እስካሁን ካየኋቸው ከሚበልጡብኝ አንዱ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምርጥ ፊልምና ለዛሬ ማታ የሚሆን ፊልም አንድ መስለውኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የድሮ ፊልም ስመርጥ ሦስት ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ማነው? ሰብታይትል እየተከተለ የሚያነብ ስንት ሰው አለ? ስንት ሰዓት አለን? "ኮሜዲ ይሁን ወይስ ልብ አንጠልጣይ?" የሚለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች የማወዳድራቸውን ሁሉ አይቻቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹን ደጋግሜ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አያትና ሕፃን አንድ ላይ ከተቀመጡ

እዚህ ላይ ብዙ አላስብም፤ የቻርሊ ቻፕሊን "ሞደርን ታይምስ" ነው። የ1936 ሥራ ነው፣ 87 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ ፊልም መናገር ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል። ቻፕሊን ግን እምቢ አለ። በፊልሙ ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማው በአብዛኛው በማሽን በኩል ነው፤ አለቃው በስክሪን ሆኖ ሠራተኛውን ያንባርቅበታል። ሠራተኛው ዝም ብሎ ብሎን ያጠብቃል። ሲያጠብቅ፣ ሲያጠብቅ፣ ከፋብሪካው ወጥቶም እጁ ማጥበቁን አይተውም።

ሠራተኛ ለምሳ ጊዜ እንዳያባክን ተብሎ የተሠራ የማጉረሻ ማሽን አለ። እኛ ጉርሻን ስለምናውቅ ይመስለኛል፣ እዚያ ላይ ስትደርሱ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ያለ ፍቅር የሚያጎርስ ብረት! መጨረሻው አካባቢ ቻፕሊን የሚዘፍነው ዘፈን ደግሞ የየትም አገር ቋንቋ አይደለም፤ ቃላቱ ትርጉም የላቸውም። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚችለውም የማይችለውም እኩል ነው። አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉ አጫጭር ጽሑፎች አሉ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢተረጉም ይበቃል።

የዚህ ተቃራኒ "ሰም ላይክ ኢት ሆት" ነው። ቢሊ ዋይልደር በ1959 የሠራው ነው፣ ማሪሊን ሞንሮ አለችበት። ሁለት ሙዚቀኞች ወሮበሎች ሰው ሲገድሉ ያያሉ፤ ከዚያ ነፍሳቸውን ለማዳን የሴት ልብስ ለብሰው ከሴቶች ባንድ ጋር ይሸሻሉ። እኔን ከቻፕሊን ይልቅ የሚያስቀኝ ይሄ ነው። ግን ቀልዱ ያለው ንግግሩ ላይ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰብታይትሉ አይደርስበትም። እንግሊዝኛ ከሚቀናቸው ጓደኞች ጋር እዩት። ከአባታችሁ ጋር አይሆንም።

አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲባል ሩጫና ተኩስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከሚቀጥሉት ሦስቱ አንዱም ያንን አይሰጣችሁም። ሦስቱም ግን ቡና እስኪቀዘቅዝ ያስረሳሉ።

"ትዌልቭ አንግሪ ሜን" የ1957 ነው፣ 96 ደቂቃ፣ የዳይሬክተሩ የሲድኒ ሉሜት የመጀመሪያ ፊልም። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ትንሽ ክፍል በስተቀር ሁሉም ነገር የሚካሄደው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የማይሠራ ማራገቢያ፣ አናት የሚበሳ ሙቀት። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ለቤተሰቡ አንድ ነገር አስረዱ። በእኛ ፍርድ ቤት የሚፈርደው ዳኛ ነው። እዚያ ግን ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ከሕዝቡ የተመረጡ ተራ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም መስማማት አለባቸው። አባቱን ገድሏል የተባለ ወጣት አለ። አሥራ አንዱ "ጥፋተኛ ነው" አሉ። አንዱ "እስቲ እንነጋገርበት" አለ።

ይህን ካስረዳችሁ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል። ቶሎ ጨርሶ መሄድ የሚፈልገው አለ። የራሱን የቤት ቁስል ይዞ መጥቶ በሰው ልጅ ላይ የሚፈርደው አለ። ነፋስ ወደነፈሰበት የሚያዘነብለው አለ። እናቴ በመሃል "ያንን ሰውዬ ጎረቤታችን አስመሰሉት እኮ" አለችኝ። የትኛው ጎረቤት እንደሆነ ይቅር።

ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ካሜራውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹን ከፍ ብሎ ያያቸዋል። እየቆየ ወደ ዓይናቸው ትክክል ይወርዳል፣ በመጨረሻ ከታች ወደ ላይ ያያል። ሌንሱም አብሮ ይቀየራል፤ ግድግዳው የተጠጋ፣ ጣሪያው የወረደ ይመስላል። ክፍሉ ያው ነው። ትንፋሽ የሚያሳጥራችሁ ካሜራው ነው።

"ሪር ዊንዶው" የዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ ነው፣ 1954፣ 112 ደቂቃ፣ በቀለም። እግሩ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ያለ ፎቶ አንሺ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤቶች ሲያይ ይውላል። አንድ ቀን የአንዱ ጎረቤት ሚስት አትታይም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ግቢው እውነተኛ ይመስላል፤ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፣ 31 አፓርታማዎች አሉት። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ትንሽ ሐፍረት ይሰማዋል። ከፊት ለፊት ብሎክ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን እንደዋለ የማናውቅ ማን አለን?

"ሳይኮ" ደግሞ ያው የሂችኮክ ነው፣ 1960፣ ጥቁርና ነጭ፣ 109 ደቂቃ። አንዲት ሴት የአሠሪዋን 40,000 ዶላር ይዛ ትጠፋለች፤ በዝናብ ምሽት ከመንገድ ዳር ያለ ሞቴል ትገባለች። ከዚህ በላይ አልናገርም። ፊልሙ ሲወጣ ከተጀመረ በኋላ ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ሂችኮክ ራሱ ከልክሎ ነበር። ምክንያት ነበረው። ልጆች ካሉ አይሆንም። ብቻውን የሚኖር ሰውም ማታ አይየው፤ እኔ ያን ሰሞን ሻወር ቤቱን ቆልፌ መግባት ትቼ ነበር።

ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ? ከቤተሰብ ጋር "ትዌልቭ አንግሪ ሜን"። ከፍቅረኛ ጋር "ሪር ዊንዶው"፤ ተዋናይቷ ግሬስ ኬሊ የምትለብሰው ልብስ ብቻውን ወሬ ይሆናል። "ሳይኮ"ን "ድሮ የተሠራ ምን ያስፈራል" እያለ ለሚፎክር ጓደኛ አቆዩት።

አንድ ታሪክ፣ ሦስት ወጥ ቤት

አሁን ወደዚያ ወደ ፋሲካው ጥፋቴ ልመለስ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሽፍታ የሚያስቸግረው መንደር አለ። ገበሬዎቹ መዋጋት አይችሉም። ስለዚህ የሚዋጋላቸው ሰው ከውጭ ይፈልጋሉ። አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 "ሰቨን ሳሙራይ" ብሎ ሠራው። በ1960 አሜሪካኖች ወደ ሜክሲኮ መንደር አዛውረው "ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን" አሉት፣ የካውቦይ ፊልም ሆነ። በ1975 ደግሞ ሕንዶች የሁለቱንም ሽታ ይዘው "ሾሌ"ን አመጡ። እህሉ አንድ ነው፣ ቅመሙ ለየብቻ።

ኩሮሳዋ ጊዜ ይወስዳል። ሰባቱን ሰዎች ለመሰብሰብ ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እናቴን ያሰለቻት ይሄ ነው፤ እኔን የማረከኝም ይሄው ነው። የሳሙራዮቹ መሪ ገና ስናውቀው የታገተ ሕፃን ለማስለቀቅ ጸጉሩን ተላጭቶ መነኩሴ ይመስላል። ለሳሙራይ ጸጉሩ ክብሩ ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ በዚያ ብቻ ገባን፣ ንግግር አላስፈለገውም። ገበሬዎቹ ደግሞ ለተዋጊዎቹ የሚከፍሉት ሩዝ ነው። እነሱ ራሳቸው ከሩዝ ያነሰ እህል ይበላሉ። ለእንግዳ ነጭ ጤፍ አቅርቦ ጓዳ ገብቶ ዳጉሳ የሚቆርስ ሰው የሚያውቅ ይህን ትዕይንት ሰብታይትል ሳያነብ ይረዳዋል። መጨረሻው ዝናብና ጭቃ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ስንት የዝናብ ውጊያዎች አየሁ፣ አንዱም እንዲህ አላረጠበኝም።

"ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን" 128 ደቂቃ ነው። ዩል ብሪነር፣ ስቲቭ ማክዊን፣ ፈረስ፣ ሽጉጥ፣ ስሙን ባታውቁትም ጆሯችሁ የሚያውቀው ሙዚቃ። ጥሩ ነው። ሰዓት ያጠረው ሰው ይየው። ሌላ ብዙ የምለው የለኝም።

"ሾሌ" ግን! የእኛ ዘመን ልጆች ሕንድ ፊልምን የተማርነው ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጣብቀን፣ ሂንዲ አንዲት ቃል ሳናውቅ ዘፈኑን በቃላችን ይዘን ወደ ቤት እንመለስ ነበር። አሚታብ ባቻንና ዳርሜንድራ ሁለት ሌቦች ናቸው። ድሮ ያሰራቸው የፖሊስ መኮንን ጋባር ሲንግ የሚባለውን ሽፍታ እንዲይዙለት ይቀጥራቸዋል። ለምን ራሱ አይሄድም? እሱን ፊልሙ ይነግራችኋል፤ ሲነግራችሁ ወገባችሁን ይይዛችኋል። ሦስት ሰዓት ከሃያ አራት ደቂቃ ነው፣ ከኩሮሳዋው በሦስት ደቂቃ ብቻ ያንሳል። ግን ማንም ስልኩን አያወጣም። ዘፈን አለው፣ ሳቅ አለው፣ ፍቅር አለው፣ በሞተር ሳይክል ላይ የሚዘፈን የጓደኝነት መዝሙር አለው። ቦምቤይ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ሳይወርድ ታይቷል። ፍጻሜው በሳንሱር ምክንያት ተቀይሮ ነው ለሕዝብ የቀረበው፤ መጀመሪያ የተቀረፀው መጨረሻም ኋላ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ከጓደኛችሁ ጋር ስለ መጨረሻው ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሦስቱን ለማወዳደር ሽፍቶቹን ማየት ይበቃል። በኩሮሳዋ ፊልም ሽፍቶቹ እንደ ጎርፍ ናቸው፣ ፊት የላቸውም ማለት ይቻላል። የአሜሪካው ሽፍታ ወሬ አዋቂ ነው፣ ትንሽ ያስቃል። ጋባር ሲንግ ግን ፊልሙን ሊነጥቅ ምንም አይቀረው። እኛ አገር ሽፍታ ሲባል ግማሹ ጀግና ነው፤ አፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር። ጋባርን ስናይ ያ ግማሽ ጀግንነት ምንም አይገኝበትም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከሁሉም በላይ የፈራነው።

እንግዲህ ሰፊ ቤተሰብ ከሆነ፣ ቀኑም በዓል ከሆነ፣ "ሾሌ"። እኔ የዚያን ቀን መክፈት የነበረብኝ እሱን ነው። "ሰቨን ሳሙራይ"ን ብቻችሁን ወይም አንድ ከሚወድ ሰው ጋር እዩት። መሃል ላይ ፊልሙ ራሱ እረፍት አለው፤ እዚያ ላይ አቁማችሁ ቀሪውን ለነገ ብታሳድሩት ኃጢአት የለውም። በነገራችን ላይ "አክተር አይሞትም" የሚለው የቪዲዮ ቤት ሕግ ከጠቀስኳቸው ፊልሞች ከአንድ በላይ በሆኑት ላይ ይፈርሳል። የትኞቹ እንደሆኑ ከእኔ አትሰሙም።

ለሁለት ሰው

"ካዛብላንካ" ወይስ "ሮማን ሆሊደይ"? ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ሁለት ሰዓት አይሞሉም።

"ካዛብላንካ" የ1942 ነው፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ የወጣ። ታሪኩ ሞሮኮ ነው፣ ቀረጻው በአብዛኛው ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ። እኛን የሚመለከት አንዲት ትንሽ ነገር አለችው፣ ብዙ ሰው ሳይሰማት ታልፋለች። ሪክ የሚባለው የቡና ቤቱ ባለቤት "እኔ ለማንም ብዬ አንገቴን አላወጣም" ባይ ነው። የፈረንሳዩ የፖሊስ ሹም ግን ታሪኩን ያውቃል፤ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በድብቅ ያስገባ እንደነበር ያስታውሰዋል። ጣልያን የወረረን ዓመት! መጀመሪያ ስሰማው ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ ሰማሁት። የሰውየው ደግነት የተደበቀው እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ካፌው ውስጥ የፈረንሳይ መዝሙር ሲዘመር የምታዩት እንባም ሁሉም ትወና አይደለም። ከተዋንያኑ ውስጥ ከናዚ ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ነበሩ።

"ሮማን ሆሊደይ" 1953 ነው። ልዕልቷ ከጥበቃዎቿ አምልጣ ሮም ውስጥ አንድ ቀን እንደ ተራ ሰው ትውላለች። ኦድሪ ሄፕበርን ኦስካር የወሰደችበት ነው። ቀለል ያለ ነው፣ ከተማው ራሱ ሮም ነው፣ አይስክሬም ያስመኛል። ገና ለተዋወቁ ሰዎች ይሄ ይሻላል። "ካዛብላንካ" አንድ ሰው አጥቶ ለሚያውቅ ነው። ትናንት የተለያየ ጓደኛ ካላችሁ ለጊዜው ሁለቱንም አታሳዩት።

ልብ ጠንካራ በሆነበት ቀን

"ማዘር ኢንዲያ"ን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላበዛም። 1957፣ ናርጊስ፣ መሐረብ አዘጋጁ።

ከዚያ በላይ የምገፋፋችሁ ወደ ሁለት ፊልሞች ነው። "የብስክሌት ሌቦች" የጣልያን ነው፣ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 የሠራው፣ 89 ደቂቃ። ሥራ የጠፋበት አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፣ ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል። ሚስቱ አንሶላዎቹን አስይዛ በገንዘቡ በመያዣ የተያዘውን ብስክሌት ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። ከዚያ አባትና ልጅ ሮምን ሲዞሩ ይውላሉ። አባት ሆኖ የሚሠራው ሰውዬ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። የልጁ ፊት ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አባቱን ቀና ብሎ የሚያይበት ዓይን አለ። ሥራ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ያንን ዓይን ለረጅም ጊዜ አይረሳውም።

ሌላው የእኛው ነው። ኃይሌ ገሪማ የሠራው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"፣ 1976፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ለባላባት የሚያርስ የገበሬ ቤተሰብ፣ ከፍ ብሎ ተቀምጦ የሚሳደብ ባላባት፣ እውነቱን የሚናገረው ደግሞ ሰው እብድ የሚለው ሰው። ዝግ ያለ ነው። በሬ ሲጠመድ፣ ከብት ሲነዳ፣ ውሃ ሲቀዳ ካሜራው አይቸኩልም። እንደ ሕንድ ፊልም ከጠበቃችሁት ትናደዳላችሁ። ገጠር ያደገ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ድምፁን ያውቀዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰብታይትል የሚያነበው ፈረንጁ ነው፣ እኛ አይደለንም።

ከሁለቱ? ሌሊት ላይ ከሆነና ነገ ሥራ ካለ የጣልያኑን። አባታችሁ ወይም አያታችሁ የጭሰኝነቱን ዘመን የሚያስታውሱ ከሆነ ግን የኃይሌ ገሪማን አሳይታችሁ መሃል ላይ አስቁሟቸውና አስወሯቸው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ወሬው ግን ሳምንት ይቀጥላል።

ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ

ይህን ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። "ካዛብላንካ"ም፣ "ሰቨን ሳሙራይ"ም፣ የቻፕሊኑም የተቀረፁት ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን በሚጠጋ ምስል ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ትክክል ነው። አንዱ ዘመዳችሁ ሪሞቱን አንስቶ "ስክሪኑ ይሙላ" ብሎ ሲለጥጠው ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይወፍራል። አትፍቀዱለት። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ደግሞ እንቅስቃሴን ለማለስለስ የሚጨምሩት ነገር አለ፤ የድሮን ፊልም እንደ ትናንት ድራማ ያስመስለዋል። አጥፉት። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሠራን ፊልም ኋላ ላይ ቀለም የቀቡበት ቅጂ ካገኛችሁም እለፉት። "ጥቁርና ነጭ አልወድም" የሚል ልጅ ካለ አሥር ደቂቃ ብቻ ለምኑት። ከዚያ በኋላ ቀለሙን ራሱ ይረሳዋል።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። "ምን ልክፈት?" አልኳት እናቴን። ርዕሱን አታስታውስም። "የሽማግሌዎቹን አድርግልኝ" አለች። "ያንን በሙቀት የሚከራከሩትን። እሱ ቶሎ ያልቃል።"